እትዬ መርፌ በብስክሌት

የሰፈሩ ሰው «እትዬ መርፌ» ነበር የሚላት። ስሙ የወጣላት ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይወጋል። የስፌት መኪናዋ ከመስኮቷ ሥር ተደቅኗል። ከመስኮቱ ማዶ ጠባብ መንገድ አለ፣ ከመንገዱ ማዶ የሰፈሩ መናፈሻ። ልጆች ኳስ ሲራገጡ፣ ጡረተኞች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ሲከራከሩ፣ ፍቅረኞች ዛፍ ሥር ሲኮራረፉ ሁሉን ታያለች። ክር ልታስገባ ቀና ስትል አንዱን ታማለች፣ ለብቻዋ ትስቃለች፣ ተመልሳ ትሰፋለች። ራሷ ግን ሣሩን ረግጣው አታውቅም ማለት ይቻላል። «መናፈስ ሥራ ለፈታ ነው» ትል ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ሴት ልጇ ያረገዘች ጊዜ ነው። ልጅቷ የምትኖረው ከመናፈሻው ወዲያ ማዶ፣ አዲስ ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ ነው። እርግዝናው ከበዳትና ሐኪሙ «ከአልጋ እንዳትነሺ» አላት። ባሏ ሥራ ይውላል። እናት ምሳ ይዛ ካልሄደች ማን ይሄዳል? የእትዬ መርፌ ጉልበት ደግሞ ከከዳት ቆይቷል። በዚያ በኩል የሚያልፍ አውቶቡስ የለም። በመናፈሻው አቋርጣ በእግሯ አንድ ቀን ከሄደች፣ በነጋታው ከአልጋዋ መውረድ ያቅታታል።

«ብስክሌት ቢነዱ ኖሮ ጥሩ ነበር» አለቻት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጉልበቷን እየዳሰሰች። «ክብደትዎ ጉልበትዎ ላይ አያርፍም።»

ነርሷ ለወሬ ያህል ነው ያለችው። እትዬ መርፌ ግን የምሯን ሰማች።

ወንድ ልጇ ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሲሄድ የተወው ብስክሌት በረንዳ ላይ ቆሞ እርጥብ ፎጣ ይሰጣበት ነበር። ፎጣውን ሰብስባ አወረደችው። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አያት።

«ልትሸጪው ነው?»

«ልነዳው ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም? በዚህ ዕድሜሽ! ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ቤቴ ቁጭ ብልም ይላል። ይልቅ ተነስና ጎማውን ንፋልኝ።»

«እኔ እጄን አላስገባም!»

እውነትም አላስገባም። ራሷ እየገፋች ጎማ ጠጋኙ ዘንድ ወስዳ አስነፋችው።

በማግስቱ ጠዋት መናፈሻው በር ላይ አትክልተኛው ጠበቃት። ዝምተኛ፣ ከሰው ይልቅ ከአበባ ጋር የሚያወራ ሰው ነው።

«እትዬ፣ እዚህ ብስክሌት መንዳት ክልክል ነው» አለና የተሰቀለውን ሰሌዳ አሳያት።

«መቼ ነዳሁ? እየገፋሁት ነው።»

«ሊነዱት ነዋ!»

«አይ የኔ ወንድም! መጀመሪያ ልቻለውና ያኔ ትከለክለኛለህ።»

አትክልተኛው ዞሮ ሰሌዳውን እንደገና አነበበው። እሷም ገባች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ብስክሌቱ ላይ ወጣች፤ ወጣችና ሄደች፤ ሄደችና ቀጥ ብላ ጽጌረዳው ውስጥ ገባች።

«ኧረ አምቡላንስ ጥሩ!» አሉ ጡረተኞቹ። አንደኛው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

እትዬ መርፌ እሾህ ከክንዷ እየነቀለች ተነሳች። «ሳቁ፣ ሳቁ! እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ስረግጥ አንዲት እርምጃ አላራመደኝም። ይኼኛው ቢያንስ ጽጌረዳ ድረስ አድርሶኛል!»

በማግስቱም መጣች፣ በሳምንቱም መጣች። በአበቦቹ መካከል ያልወደቀችበት መደብ የለም። በመጨረሻ አትክልተኛው መቆፈሪያውን ወርውሮ መጣ።

«አበባዬን ከሚጨርሱብኝስ እኔው ልያዝዎት!» አለና ከኋላ መቀመጫውን ጨብጦ ይሮጥ ጀመር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላታል እያለከለከ።

«እንቁላሉማ ሄደ! የቀረሁት እኔ ነኝ!» ትለዋለች።

ቤት ውስጥ ባሏ አኩርፎ ቆየ። ግን አንድ ጠዋት ብስክሌቱን ስታወጣ ሰንሰለቱ ዘይት ጠጥቷል፤ ሲጥ ሲጥ ይል የነበረው ጎማ ዝም ብሏል። ማን እንደሠራው አልጠየቀችም። ቁርስ ላይ የባሏ ጥፍሮች ጥቁር ነበሩ።

በዚያው ጠዋት የልጇን ምሳ ከመሪው ፊት በቅርጫት አሰረች። መናፈሻውን ሁለቴ ዞረች። በሦስተኛው አትክልተኛውን «ልቀቀኝ» አለችው።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልቀቀኝ አልኩህ እኮ!»

ለቀቃት። ብስክሌቱ ወደ ግራ ተወላገደ፣ ወደ ቀኝ ተወላገደ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ነፋሱ ሻሿን ገፎ ትከሻዋ ላይ ጣለው። በጡረተኞቹ አግዳሚ ፊት ስታልፍ ያ መነጽሩን ያወለቀው ሽማግሌ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን አነሳላት። ባሏ በቤት ጫማው መንገዱን ተሻግሮ እየሮጠ ነበር።

«ፍሬን! ፍሬኑን ያዢ!»

«ለምን ብዬ!» አለችና በወዲያኛው በር ወጣች።

ልጇ ከአልጋዋ ሆና በመስኮት ስታያት መጀመሪያ አላወቀቻትም። ስታውቃት ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ ወረደ። «እማዬ! በምን መጣሽ?»

«በራሴ» አለች እትዬ መርፌ። ምሳው ትንሽ ፈሷል እንጂ ትኩስ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ያለ ከሳሽ አያልፍም። አንድ ሰው ለሰፈሩ ኮሚቴ አመለከተ፤ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ደንብ አነበበ። አትክልተኛው ተነስቶ ሰሌዳውን የሰቀለው እሱ ራሱ መሆኑን፣ የሰቀለውም ለጎረምሶች ፍጥነት መሆኑን ተናገረ። «በአጥሩ ዳር አንድ መስመር ይለይላቸው፤ እኔ እጠርገዋለሁ» አለ። ባለሱቋ እጇን አወጣች፦ «ለእሷ ብቻ ነው ወይስ እኔም መማር እችላለሁ?» ከኋላ ሁለት ሴቶች «እኛስ?» አሉ። ከዚያ ባሏ ተነሳ። ሊቃወም ነው ብሎ ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«ዕድሜዬን ሰው ሳመላልስ ኖሬያለሁ» አለ። «የራሴን ሚስት ግን የትም አላደረስኳትም። ራሷ ሄደች። ላቆማት ሞክሬ አቅቶኛል፤ የሚችል ካለ ይሞክር።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እጅ ሲቆጠር ከሊቀመንበሩ በቀር የተቃወመ አልነበረም፤ እሱም ቆይቶ እጁን አነሳ።

መስመሩ ተጠረገ። ልጅቷ በሰላም ወለደች፤ ሴት። አሁን ቅዳሜ ጠዋት እትዬ መርፌ የሰፈሩን ሴቶች በአጥሩ ዳር አሰልፋ «ወደ ፊት እዪ! ጎማውን አትዪ! ጎማው የትም አይሄድብሽም!» እያለች ታስተምራለች። ጡረተኞቹ ወንበራቸውን ወደዚያ አዙረዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ሴቶቹ ከተበተኑ በኋላ ባሏ ወደ እሷ ተጠጋ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም እንዳታወሪ። እኔ አውቶቡስ እንጂ ብስክሌት ነድቼ አላውቅም።»

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ልትስቅ ነበር፤ ተወችው።

«ውጣ» አለች መቀመጫውን ይዛ። «ወደ ፊት እይ።»

ያን ሁሉ ሰው የጫነ ሾፌር እንደ ሕፃን እየተንቀጠቀጠ ወጣ። እሷም ከኋላው ሮጠች፤ በዚያ ጉልበቷ፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ እየተውለበለበ፣ እየሳቀች፣ አጥሩ እስኪያልቅ ድረስ።