አፍንጫው ያለቀ ንጉሥ

ነገሩ የሆነው አምና፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሌላ ሰው አሞኝቶኝ ቢሆን ረስቼው ነበር። ያሞኘኝ የራሴ ማንበብ ስለሆነ እስካሁን ያቃጥለኛል።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ ጆንያ እየሰፋሁ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። እናቴ ከመቁጠሪያዋ ከሙስበሃዋ ጋር በትንሽ ከረጢት የምታስቀምጣት አንዲት የንጉሡ ዘመን አስር ሳንቲም አለቻት። አባቴ ለሥራ አሰብ ሲወርድ "ጨው ግዢባት" ብሎ የሰጣት ናት። እሱ አልተመለሰም፤ እሷም ጨው አልገዛችባትም። ማታ ማታ ዚክር ስታደርግ በአውራ ጣቷ ታሻታለች።

አንድ ቀን ገበያው በሙሉ ስልክ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። የድሮ ሳንቲም በሚሊዮን ይሸጣል የሚል ቪዲዮ ነው። ሥራ ሲሉት የሚያመው ሁሉ የሣጥን ሥር ሊፈትሽ ወደየቤቱ ሮጠ። እኔም ሳቅኩባቸውና ተከትዬ ሮጥኩ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ እናቴ ጋደም ስትል ሳንቲሟን አወጣሁ። ፲፱፻፴፮ ይላል። የግዕዝ ቁጥር ማንበቤ አኮራኝ። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሀብት ቤቴ ተቀምጦ ጆንያ እሰፋለሁ ብዬ ሳልነግራት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

አሮጌ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ አየት አደረጋትና አጠገቡ ባለ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ወረወራት። ጣሳው አፉ ድረስ ሙሉ ነው። ሁሉም አስር ሳንቲም፣ ሁሉም ፲፱፻፴፮።

"ጋሼ፣ ንጉሡ እስኪወርዱ ይህንኑ ዓመት ሲያትሙበት ነው የኖሩት። የአያቴም ሠላሳ ስድስት ነው፣ የአባቴም ሠላሳ ስድስት ነው። በኪሎ ካልሆነ የሚገዛዎት የለም።"

"በል መልስልኝ።"

"ደስ ያለዎትን ያንሱ፣ ሁሉም ያው ነው።"

እውነቱን ነው ብዬ አንዷን አነሳሁ። ለመግሪብ ቤት ደርሼ ከረጢቱ ውስጥ ጣል አደረግኳት።

እናቴ ሰግዳ ስታበቃ እጇን ሰደደች። አሸት አደረገችና ጣቷ ቆመ።

"ይህች የማን ናት?"

"ያንቺው ናት እንጂ።"

"ይህ ንጉሥ አፍንጫ አለው" አለች። "የእኔው የለውም። አሽቼ አሽቼ ጨርሼዋለሁ።"

አንባቢው እኔ፣ ቁጥሩን ሳነብ ፊቱን አላየሁትም።

በነጋታው እናቴን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጣሳውን ታቅፋ ተቀመጠችና አንድ በአንድ እየዳሰሰች መሬት ላይ ታስቀምጥ ጀመር።

"እማማ፣ በአንዷ ፋንታ አምስት ይውሰዱና ይገላገሉ" አለ ባለሱቁ እየሳቀ።

መዳሰሷን ቀጠለች። የአሱር አዛን ሊል ሲል አውራ ጣቷ ቆመ። "አልሐምዱሊላህ" አለች።

ሰውዬው ተቀብሎ አገላበጣት። ሳቁን ተወ።

"ይህቺማ ሁለት መቶ ብር ናት።"

"ትናንት በኪሎ ነው አላልክም?"

"ትናንት ፈላጊ አልነበራትም፣ ጋሼ።"

ከፈልኩ። አሁን ገበያ ላይ የድሮ ሳንቲም ወሬ ሲነሳ፣ አዎ ይሸጣል፣ ገዢው እኔ ነኝ እላለሁ። ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

ሁለት መቶ ብሩ አያንገበግበኝም። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ ከረጢቷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትተኛው። ቤት ውስጥ ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነን።