እንትፍ በይባት

ቅዳሜ፣ ንጋት

ደሴ ገና ጉሙ አልተገፈፈላትም። እኔ ግን ሌሊቱን ዓይኔ ሳይከደን አድሬ፣ ነጭ የሕፃን ቀሚስና ማተብ በቦርሳዬ ይዤ፣ ሚኒባሱ ፊት ወንበር ላይ ጉብ ብያለሁ። የክርስትና እናት ልሆን ነው! ያውም ለማላውቃት ልጅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚሴ የምትኖረው ጓደኛዬ ትርሲት ደወለች። የአንዲት ሸክላ ሠሪ የልጅ ልጅ እሁድ ሰማንያ ቀኗ ይሞላል፤ ክርስትና ላንሳት ብላ ቃል የገባችው ሴት ግን «ከቡዳ ጋር አልዛመድም» ብላ ቀርታለች። «አንቺ በየማኅበሩ የተገፉትን እንቅረብ ስትይ አልነበር? በይ እንግዲህ ቅረቢ» አለችኝ። አፌን አስያዘችኝ። ግን ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ኮምቦልቻን አልፈን ሐርቡ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ጋቢዬን አወለቅሁ። ከዚያ የጨፋ ሸለቆ ተዘረጋ፤ ማሽላው፣ ጤፉ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር የሚግጡት ከብቶች። ሾፌሩ ሰዒድ የከሚሴ ልጅ ነው፤ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል።

«አካም ቡልቴ እህቴ፣ ደህና አደርሽ? ከሚሴ ማን አለሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ጥድፊያ ለማን ነው?»

«ስመለስ እነግርሃለሁ።»

«ነገ ከሰዓት ወደ ደሴ ነኝ፤ ይችን ወንበር እይዝልሻለሁ» አለ።

ቅዳሜ፣ ረፋድ

ትርሲት መናኸሪያ ጠብቃኝ በባጃጅ ወደ ከተማው ዳር ሄድን። የሸክላ ሠሪዋ የእትዬ ብርቄ ግቢ ድስትና ጀበና ሞልቶታል፤ ገሚሱ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ ገሚሱ እሳት ይጠብቃል። ጨፋ ሮቢት ገበያ ወስዳ የምትሸጠው ይሄንኑ ነው። አገሩ በእሷ ድስት ወጥ ይሠራል፤ ከእሷ ጋር ግን አይበላም። ይገርማል እኮ።

እትዬ ብርቄ አስቀመጠችኝና የላስቲክ ውሃ አቀረበችልኝ። «ያልተከፈተ ነው» አለች ክዳኑን እያሳየችኝ። እንግዳ ከእጇ ስለማይጠጣ ከሱቅ ያስመጣችው ነው። አንጀቴን በላችው።

«ይሄማ ለመንገድ ይሆነኛል፤ ከእንስራው ቅጂልኝ» አልኳት። ቀዝቃዛ፣ አፈር አፈር የሚሸት ውሃ ነው። ደገምኩ።

ልጇ ዘነበች ሕፃኗን ይዛ ወጣች። «ውይ ስታምር!» ብዬ ጮህኩ። ዘነበች ነጠላዋን ልጅቷ ፊት ላይ ጣል አደረገች፤ ትርሲት ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። እትዬ ብርቄ ቀስ ብላ፣ «እንትፍ በይባት እስቲ ልጄ፤ የሰው ዓይን አይታወቅም» አለች።

እንትፍ እንትፍ አልኩ። ከዚያ ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። አገር ቡዳ የሚላት ሴት የእኔን ዓይን ፈራች! «ለካ የምበላው እኔ ነኝ» ስላት እትዬ ብርቄ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ሲመሽ «ትርሲት ጋ አድሬ በማለዳ እመጣለሁ» ብዬ ተነሳሁ። የእትዬ ብርቄ ፊት ጠቆረ። «ያችኛዋም እመጣለሁ ብላኝ ነበር የቀረችው» አለች። ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩ። መደቡ ላይ አነጠፉልኝና የሕፃኗን ትንፋሽ እየሰማሁ አደርኩ።

እሁድ፣ ጠዋት

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰው ከእኛ ራቅ ራቅ ብሎ ቆሟል። ቄሱ «የክርስትና እናቷ ማን ናት?» ሲሉ ሁሉም ዞረ። ዘነበች እኔን አየች።

«እኔ ነኝ፣ አባ» አልኩ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብዬ።

በእሷ ፈንታ ሰይጣንን ካድኩ፤ ከውሃው ስትወጣም ተቀበልኳት። ጌታ ለምጻሙን በቃሉ ብቻ ማንጻት ሲችል እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። ይሄንን በማኅበር ላይ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን ዛሬ እርጥብ ልጅ ታቅፌ ነው። ወለተ ማርያም ተባለች።

ቤት ተመልሰን አንድ ገበታ ቀረብን። እትዬ ብርቄ ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋችና እጇ መሀል ላይ ቆመ። እኔ አፌን ከፍቼ ጠበቅኋት። አጎረሰችኝ፤ አንድ ያጣላል ብላ ደገመችልኝ።

እሁድ፣ ከሰዓት

ሰዒድ ቃሉን ጠብቆ ወንበሬን ይዞልኛል። ሐርቡን እንዳለፍን፣ «እሺ፣ አሁንስ ከሚሴ ማን አለሽ?» አለኝ።

«ልጅ አለችኝ።»

ገልመጥ አድርጎ አየኝ። ሁሉንም ነገርኩት። «ማሻአላህ» አለ። ከዚያ፣ «ታምራለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

መጀመሪያ እንትፍ እንትፍ አልኩ።