ስክሪኑ አረንጓዴ የሆነበት ጠዋት

ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ሸዋ በር ላይ ወያላ ሆኜ ስለፋ ከርሜ፣ በመጨረሻ አንድ የአምቡላንስ ድርጅት ውስጥ ስክሪን ጠባቂ ሆኜ ተቀጠርኩ። በሞባይል አምቡላንስ የሚጠራበት አፕ አለን። ፕሮግራሙ የሚሠራው ክላውድ ላይ፣ ሩቅ አገር ባለ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ኮንቴይነር በሚሏቸው ሳጥኖች ተከፋፍሎ ነው። ሳጥኖቹ ሥራ ሲበዛባቸው ስክሪኑ ቀይ ይሆናል፤ እኔም ለኢንጂነሩ እደውላለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ሁሉም አረንጓዴ ነበር፤ ሳጥኖቹን ሥራ እንደዚያ ቀሏቸው አያውቅም። እግሬን ዘርግቼ ሻዬን ስጠጣ ከድሬ ጠያራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ገቡ። ወንበር ሰጠኋቸው።

«ሴት ልጄን ምጥ ይዟት፣ ከፈጅር ሶላት ጀምሮ በዚህ አፓችሁ ብንጣራ መልስ የለም» አሉኝ።

«ይዩት እስኪ አባባ፣ ሲስተሙ ምንም አልሆነም» ብዬ ስክሪኑን አዞርኩላቸው።

ጠጋ ብለው አዩት። «ታዲያ የኛ ጥሪ የቱ ነው?»

ፈለግኩ። የሳቸው ቀርቶ ከንጋት ጀምሮ የማንም ጥሪ አልገባም። ለካ ሳጥኖቹን የቀለላቸው ሥራ ስላልደረሳቸው ነው። ኢንጂነሩ ጋ ብደውል፣ «አረንጓዴ ከሆነ ምን ያቃዥሃል?» አለኝ። ዘጋሁበትና ወደ በሩ ሮጥኩ።

«ይነሱ አባባ፣ አምቡላንሱ እዚሁ ደጅ ቆሟል፤ እንሂድ።»

አልተነሱም።

«ተቀመጥ፣ የኔ ልጅ። እሷንስ አላህ ወስዷታል፤ ከቀትሩ ዙህር ሶላት በኋላ እንቀብራታለን» አሉ። «የጎረቤታችን ሚስት ቀኗ ደርሷል። ለሷም በዚሁ አፕ እንጥራ ወይ ብዬ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»