ጤፍ ውስጥ ያደረው ታብሌት

አባቴ ሊመነኩሱ ጣራ ገዳም ከመግባታቸው በፊት አንድ ነገር ለመኑኝ፤ በታብሌቴ የቀዳሁትን የሟች እናቴን ድምፅ መስማት። ታብሌቱን ግን ዝናብ መቶት ነበር። ሩዝ እርጥበት ይመጥጣል ሲሉ ሰምቼ፣ ሩዝ ባጣ ጤፍ ውስጥ ቀብሬ አሳደርኩት። ጠዋት ቻርጅ ብሰካው እምቢ አለ። ገመድ ቀየርኩ፣ ሶኬት ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች!

"ተይው ልጄ፣ እናትሽም ስታኮርፍ እንዲሁ ነበረች" ብለው ስቀው ሄዱ።

በኋላ ደብረ ታቦር ያለ ሞባይል ሠሪ ከቻርጅ ቀዳዳው የጤፍ ፍሬ በመርፌ ለቅሞ አወጣና ታብሌቱ በራ። ይዤው ገዳም ሮጥኩ። አባቴ እጃቸውን ዘረጉ፤ ወዲያው መልሰው ሰበሰቡት።

"አሁንማ ዓለምን ትቻለሁ ብያለሁ። አንቺ ስሚልኝ።"

እሰማላቸዋለሁ። "አባትሽ እህል ቀመሱ?" ትላለች እናቴ።