ተቀበል ባዩ አባቴ

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር፣ ምሳ የበላሁበት የአበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ጭራው የተበጠሰ ማሲንቆ ለጌጥ ተሰቅሎ አየሁ። ጠጋ ብዬ ሳሸተው ቆዳው ዛሬም ፍየል ፍየል ይላል፤ ያ ሽታ ምሳዬን አስረስቶ ኢስሊ ሰፈር፣ ከጋሽ ደርበው ጋር በአንድ ግቢ ወደኖርንበት ዘመን መለሰኝ።

ጋሽ ደርበው ከጎንደር ገጠር በስደት የመጣ አዝማሪ ነበር። እሁድ ከሰዓት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ማሲንቆውን ሲገዘግዝ፣ «ተቀበል» እያለ ስንኝ የሚወረውርለት አባዬ ነው፤ እሱም እየተቀበለ በዜማ ይመልሰዋል። እናቴ የዓለም ዘፈን አልሰማም ብላ መስኮቱን ትዘጋና እዚያው መስኮት ሥር ትቀመጣለች። አባዬ ቤት ውስጥ ዝምተኛ ስለነበር «እኛም ማሲንቆ ብንይዝ ያናግረን ይሆናል» እያለች ታሾፍበታለች።

ጋሽ ደርበው ጣቶቹ እየደነዘዙ ሲሄዱ ፍርሃት ያዘው። ካባቱ የተማራቸው የጥንት ዘፈኖችም፣ ናይሮቢ ላይ ራሱ ያወጣቸውም አብረውት እንዳይቀበሩ ፈልጎ ዌስትላንድስ አንድ ስቱዲዮ ለመቀረጽ ሲሄድ እኔንም አባዬንም አስከተለን። ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍተው በመስታወት ክፍል ብቻውን ዘጉበት። ጀመረ፤ አቆመ፤ ደግሞ ጀመረ። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም። በመጨረሻ ወጥቶ አባዬን ክንዱን ያዘው።

«ወንድሜ፣ ሰው በሌለበት ከማን ልቀበል?»

አባዬ ኮቱን ቆልፎ ገባ። ያ ቤታችን ውስጥ የማይሰማ ድምፅ በትልልቆቹ ስፒከሮች ወጥቶ ክፍሉን ሲሞላው እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ ብል ደስ ባለኝ፤ የቀረኝ ግን ቃሉ ብቻ ነው፦

«ደጄን ሳልቀረቅር ስወጣ በማታ፣
እስካሁን ይሆናል በነፋስ ሲማታ።»

ጋሽ ደርበው ተቀበለው፤ ሲቀበለው እንባው ማሲንቆው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አማርኛ የማያውቀው ኬንያዊ ድምፅ ቀራጭ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

ሲዲው የወጣ ቀን ግቢው በሙሉ እኛ ቤት ተሰበሰበ። ዘፈኖቹ ጥርት ብለው ወጥተዋል፤ አባዬ ግን የለም። ቀራጩ ቋንቋው ስለማይገባው፣ አባዬ በየመካከሉ የሚለው የዘፈኑ አካል ሳይሆን ወሬ መስሎት አጽድቶ ቦታውን ባዶ ትቶታል፤ ዋናውንም ቅጂ አላስቀረውም። ጋሽ ደርበው አባዬን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። አባዬ ግን ሳቅ ብሎ «ግጥሙ አለ አይደል» አለና ነገሩን ዘጋው። እኛም አላዘንንም፤ ባለድምፁ አጠገባችን ተቀምጦ ድምፁ ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል?

ሁለቱም ካለፉ ቆዩ። የአባዬ ፎቶ ሞልቶኛል። ድምፁ ግን የትም የለም፤ ያኔ ስልክ ለመደወያ እንጂ ለመቅጃ አልነበረንም። ይህም ያንገበገበኝ ሲሞት አልነበረም፤ ድምፁ እንዴት እንደነበር ማስታወስ ያቃተኝ ቀን ነው።

ማሲንቆውን ባየሁበት ቀን ማታ፣ ከሲዲው ወደ ስልኬ የገለበጥኩትን ያን ዘፈን ከፈትኩት። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ ስትሰማ፣ በስንኞቹ መካከል ማሲንቆው ፀጥ ሲል ለምን እንደሆነ ግራ ገብቷት ስዋሂሊ ቀላቅላ ጠየቀችኝ።

«ማሚ፣ ምቦና ይቆማል? ኔትወርክ ነው?»

«አይደለም። እዚህ ጋ አያትሽ ነው» አልኳት።

አያቷን ልትሰማ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጠፈች፤ ጋሽ ደርበው ግን ተቀብሎ መዝፈኑን ቀጥሎ ነበር።