ቪኖ እና የአቶ በራሶ ልጅ

ዲላ ውስጥ በአሳላፊነት የተቀጠርኩ ዕለት የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ዘውዴ ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ አወረዱ። "ይሄ ቪኖ ነው። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ ወይን ጠጅ ማለት ነው። ለእንግዳው ሳታሳይ ቡሹን እንዳትነቅል" አሉኝ። ቃሉን ለከተማው ያስለመዱት መንገድ ሊሠሩ መጥተው እዚሁ የቀሩ ጣሊያኖች ናቸው ይባል ነበር።

ጠጪው ብዙ አልነበረም። ጠጅ ለለመደ አፍ ይጎመዝዛል። ሾፌሮች በአምቦ ውሃ እያቀጠኑ ይጠጡት ነበር። እኔም ዓመት ሳይሞላኝ ቡሽ መንቀሉን ተካንኩበት፤ ጉራም ጀማምሮኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አቶ በራሶ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ከገጠር፣ ከሬኮ መጡ። በቤተ ክርስቲያናቸው መጠጥ የቀመሰ ሰው ከጌታ እራት ይታገዳል፤ ስለዚህ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደጃፉ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም። ለነገው የጌታ እራት ወይን ፈልገው ነው። ከሚስዮኑ የሚላከው በዝናብ ምክንያት መንገድ ላይ ቀርቷል።

ጠርሙሱን አሳየኋቸው።

"ይሄማ ቪኖ ነው" አሉ ፊታቸውን አዙረው። "እኔ ወይን ነው ያልኩህ።"

"ያው ነው አባቴ። ቪኖ ማለት በጣሊያንኛ ወይን ነው።"

ፊታቸውን መልሰው ጠርሙሱን አዩት። ከዚያ፣ "ልጄ ታደሰ እዚህ ጠጥቷል?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"ጠጥቷል። የቀዳሁለት እኔ ነኝ። አንድ ብርጭቆ፣ ያውም በአምቦ ውሃ።"

"ቪኖ ጠጣ አሉኝ። እኔ አረቄ ነገር መሰለኝ። ምንድነው ብዬ ሳልጠይቅ በጉባኤ ፊት አገድኩት። ከቤቴም አስወጣሁት። ይኸው ዓመቱ።"

ሰው እንዳያይባቸው ብዬ ጠርሙሱን በጋዜጣ ልጠቅልለው ስል እጄን ያዙኝ።

"ተው፣ ይታይ" አሉ። እንደያዙት በገበያው መሐል አልፈው ሄዱ።

በሳምንቱ ታደሰ መጥቶ የሆነውን ነገረኝ። አባቱ እሑድ ዕለት ጠርሙሱን የጌታ እራት ማዕድ ላይ አኑረው፣ ወይኑ ሆቴል ቤት ቪኖ ተብሎ እንደሚጠራ ለጉባኤው ተናገሩ። "ደንቡ ደንብ ነው፤ እኔ ግን ሳልጠይቅ ፈርጃለሁ" አሉ። ከዚያ የታገዱት ወደሚቀመጡበት ወደ ኋላው አግዳሚ ሄደው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። ጽዋው ሁለቱንም አለፋቸው።

"ጽዋው ሲያልፈን አባቴ አላየውም" አለኝ ታደሰ። "እኔን ነበር የሚያየው።"

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው፦ የምትቀዱት ምን እንደሆነ እወቁ። ለጠየቃችሁ ሁሉ፣ ለማይጠጣውም ጭምር፣ በቅጡ ንገሩ።