ያልገጠመው የገደሉ ነጥብ

የዚያን ዕለት ገደሉ አናት ላይ የነበርነው እኔ፣ አባቴ፣ ታላቅ እህቴ እና የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነን። ሾፌሩ ከመኪናው አልወረደም፤ በመስኮት ያየን ነበር። አባቴ ንፋስ ሊቀበሉ መጡ። እህቴ ከሠራዊቱ ለዕረፍት መጥታ ስለነበር ተከተለችን።

እዚህ እስራኤል ያለውን የናታንያን ከተማ ባሕር ዳርቻ የሚያሳየው የሳተላይት ምስል ከመሬቱ ጋር አይገጥምም ነበር። በምስሉም በመሬቱም ተለይቶ በሚታይ ቦታ፣ ለምሳሌ መንገድ በሚታጠፍበት፣ ያለሁበትን ቦታ በቁጥር የሚናገረውን ጂፒኤስ ይዤ ቆሜ ቁጥሩን እመዘግባለሁ። እንዲህ ያሉ ነጥቦች ሲበዙ ኮምፒውተሩ ምስሉን ስቦ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ያስተማረኝ የለም፤ ከኢንተርኔት ለቃቅሜ ነው። አለቃዬ በተስተካከለው ምስል ላይ የገደሉን ጠርዝ አስምሮ አጥር ሊያስተክል ነበር። ጠርዙ ከሥሩ ተቦርቡሯል። መስመሩ ወደ ባሕሩ ከሳተ ሰው ባዶ ላይ ይቆማል።

የመጨረሻው ነጥብ የእግረኛው መንገድ ወደ ደረጃው የሚታጠፍበት ማዕዘን ነበር። ጂፒኤሱ ስሕተቱ እስከ አራት ሜትር ሊደርስ እንደሚችል አሳየ።

"አራት ሜትር ወዴት?" አለች እህቴ።

"እሱን አይናገርም።"

"ዋላ፣ ይገርማል! ወደ ባሕሩ ከሆነ ከታች ነው የምንለቅምህ።"

"አፍሽን ያዢ!" አሉ አባቴ። ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተም ልጄ፣ ወደዚህ ጠጋ በል። ሳተላይቱ እንደሆነ ከላይ ነው ያለው፣ እዚህም ሆነህ ያይሃል።"

እህቴ ሳቀች። እኔም አባቴን እንቢ ማለት ስለማልችል ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ተጠጋሁ። የጂፒኤሱን መመዝገቢያ ቁልፍ የተጫንኩት ከመጠጋቴ በፊት ይሁን በኋላ፣ ያኔ ልብ አላልኩም።

ኮምፒውተሩ ላይ ሌሎቹ ነጥቦች ሁሉ ገጠሙ። ይህ አንዱ ብቻ ስድስት ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ከተማው ሄደ።

"ሰርዘውና ላከው፣" አለ አለቃዬ።

ብሰርዘው ስሌቱ ያምራል። ግን የተጫንኩት ማዕዘኑ ላይ ቆሜ ከሆነ የሳተው ምስሉ ነው፤ እውነተኛው ጠርዝም በምስሉ ከሚታየው ይልቅ ወደ ሰዉ የቀረበ ነው። ከተጠጋሁ በኋላ ከሆነ ደግሞ የሳትኩት እኔ ነኝ። ነጥቡን ሳልሰርዝ ላክሁት፤ አጥሩም ወደ ውስጥ ገብቶ ተተከለ።

አሁን መንገዱ ጠበበ ተብሎ አጥሩን ወደ ባሕሩ ሊያስጠጉት ነው። ማዕዘኑ በተከላው ጊዜ ፈርሷል፤ ዙሪያው ሣር ብቻ ስለሆነ እንደገና የምለካበት ምልክት የለም። አለቃዬ በዚያ ነጥብ እርግጠኛ ነህ ወይ ይለኛል። አይደለሁም።

አባዬ፣ እህቴ፣ በመስኮት ያየኸንም ወንድሜ፣ ጂፒኤሱ ጢጥ ብሎ ነጥቡን ሲመዘግብ የት ቆሜ ነበር? የምታስታውሱትን ከዚህ ጽሑፍ ሥር ጨምሩበት፤ ትንሽም ብትሆን።